ማግኔት ላይ ያደረ ዜማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴፕ፣ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ዓለምነው የሚባል ሰው አለ። ሱቁ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ በልብስ ሰፊዎች መካከል የተሰነቀረች አንድ በር ናት። አገሩ ሁሉ ስልክ በሚያሠራበት ዘመን እሱ አሁንም የቴፕ ጎማ ይቀይራል፣ የተቀደደ ስፒከር ይለጥፋል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ደብሮች ናቸው። የአንዱ ማይክ ይጮኻል፣ የሌላው ሞንታርቦ ያንኮራፋል፤ ይህንን የሚያስታውሱት ደግሞ ሁልጊዜ የንግሡ ዋዜማ ነው። መጥተው ይወርዱበታል። እሱም ይነጫነጫል፤ ተነጫንጮ ሲያበቃ ይሠራላቸዋል። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም የዚህ ታሪክ መከራው ክፉ ሰው የሌለበት መሆኑ ነው፤ አንድ ክፉ ቢኖርበት እሱን ረግመን በተገላገልን።

ይህ ሰው በልጅነቱ የዜማ ተማሪ ነበር። ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ማዶ፣ ሾላ ሚካኤል በምትባል ደብር፣ የኔታ ገብረ ኪዳን እግር ሥር ተቀምጦ ጾመ ድጓ ጀምሮ ነበር። ጾመ ድጓ በዐቢይ ጾም የሚዜመው መጽሐፍ ነው። ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ማንም መጽሐፉን ገዝቶ ሊያየው ይችላል። ግን ምልክት ማየትና ማዜም ለየቅል ናቸው። የኔታ ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአባታቸው የተቀበሉት የድምፅ አጣጣል ነበራቸው፤ እዚህ ጋ ሰበር ማድረግ፣ እዚያ ጋ ማንሣት፣ በአንዲት ቃል ላይ ትንፋሽ ሳይቆርጡ መንከባለል። ይህ መጽሐፉ ላይ የለም። ያለው በየኔታ ጉሮሮ ውስጥ ነበር። ተማሪው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ፣ ሲስት እየተገሠጸ፣ ከዚያ ጉሮሮ መቅዳት ነበረበት።

ዓለምነው መጽሐፉን ሳያጋምስ ጥሎ ሄደ። ያስኮበለለው አንድ ሬዲዮ ነው። የደብሩ አለቃ ዝም ያለ ሬዲዮ ነበራቸውና ልጁ ወስዶ ሲፈታው ሲገጥመው አንድ ቀን ተናገረ። ከዚያ ወዲያ በገመድ ቢያስሩትም የሚቀመጥ አልሆነም። ማርቆስ ወርዶ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። የኔታ አልረገሙትም፤ አንድ ነገር ብቻ አሉት።

"ድምፅ ከሰው ወጥቶ ሰው ውስጥ ነው የሚገባ። መሃል ላይ ብረት ምን አገባው?"

ይህች ቃል ሆዱ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ይረሳታል፤ ብቻውን ሲሆን ትመጣበታለች።

መልሱን ያገኘው እዚያው ትምህርት ቤት፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ሁለት ነገር አስተማሩት። አንደኛው፣ ከቤቱ የተገፋ ነገር ወደ ቤቱ ይጎተታል፤ በራቀ መጠን ጉተታው ይበረታል፤ ሲመለስ ግን በጥድፊያ ስለሚመጣ ቤቱን አልፎ ወዲያ ማዶ ይወጣና እንደገና ይጎተታል። ዥዋዥዌ እንዲህ ነው፣ የክራር ክር እንዲህ ነው፣ የሚያዜም ሰው ጉሮሮም እንዲሁ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስሙን ሲምፕል ሃርሞኒክ ሞሽን ይሉታል፤ ነገሩ ቀላል፣ ስሙ ከባድ። ሁለተኛው፣ ማግኔት ከሽቦ አጠገብ ዝም ብሎ ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይወልድም፤ ከተነቃነቀ ግን ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ይወለዳል። ይህንን ደግሞ ኢንዳክሽን ይሉታል። ዓለምነው ሁለቱን ገጣጠማቸው። ጉሮሮ አየሩን ያነቃንቃል፣ አየሩ የማይኩን ስስ ቆዳ ያነቃንቃል፣ ቆዳው ሽቦውን ማግኔት ውስጥ ያነቃንቃል፣ ከዚያ ድምፁ ኮረንቲ ሆኖ ይሄዳል። ብረት መሃል የገባው ለዚህ ነው! የኔታ ዘንድ ሮጦ ይህንን ለመንገር ልቡ ቋመጠ። ሰውም ከቤቱ በራቀ ቁጥር ጉተታው ይበረታበታል መሰለኝ።

ሥራ ከያዘ በኋላ ቴፕና ማይክ ተሸክሞ ሾላ ሚካኤል ሄደ። ድምፅዎን ልቅዳ ሲላቸው የኔታ "እኔ ቆርቆሮ አላስተምርም" ብለው መለሱት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን የጎረቤት ደብር መምህር ተማሪ ሳያወጡ ድንገት አረፉ፤ ያወቁትን ሁሉ ይዘው መቃብር ወረዱ። ያን ጊዜ የኔታ ሰው ላኩበት። "ያን ብረትህን ይዘህ ና" የሚል ነበር መልእክቱ። ዓለምነው ማይኩን ከጎጆው ምሰሶ ላይ አስሮ፣ ራሱ በር ላይ ዘብ ቆሞ ዶሮና ሕፃን እያባረረ፣ ጾሙን ሙሉ ቀዳ። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚኮራው በዚያ ነው። ሚስቱ ማንጠግቦሽ "የሠርጋችንን ቀን እንኳ እንደ እሱ አያወራውም" እያለች ትቀልድበት ነበር።

አምና የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ሲያነሷቸው ቀኝ ጎናቸው ተይዞ ነበር። ድምፃቸውም አብሮ ሄደ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ዘመኑ እንደምታውቁት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ወላጅ ልጁን እየጠራ ሲያስቀር፣ ጉባኤው ተበተነ። የቀሩት ይስማው የሚባል ዲያቆንና ሁለት ባልንጀሮቹ ብቻ ናቸው። ሦስቱ ካሴቱን እየከፈቱ ያዜማሉ፤ የኔታ መደባቸው ላይ ሆነው ያደምጣሉ፣ ተማሪ ሲስት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ካሴቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትምህርቱ በዚህ ዓይነት ነፍስ ዘራ። ጥብጣቡ ግን ከመደጋገሙ ብዛት እየሳሳ ሄደ። ስለዚህ ወደ ስልክ ሚሞሪ ይቀዳ ተባለና ይስማው ካሴቶቹን በነጭ ነጠላ ጠቅልሎ ማርቆስ መጣ።

"ከአውቶቡሱ ስፒከር አራቅኸው?" ነበር የዓለምነው የመጀመሪያ ቃል። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

"አራቅሁ ጋሼ። ስፒከሩ ከወንበሬ በላይ ስለነበር በሩ ጋ ቆሜ ነው የመጣሁ። ረዳቱ 'ወንበር እያለልህ ምን ያቆምሃል?' እያለ ሲቆጣኝ ዋለ።"

"እሰየው። ማግኔት የካሴት ምስጥ ነው።"

መብራት አልነበረም። ባለባትሪ ቴፕ ነበረው፤ ነገር ግን ባትሪ ሲደክም ጥብጣቡ ይጎተታል፣ ዜማው ይወፍራል። አንድ ጊዜ የሚቀዳ ነገር በደንብ ይቀዳ ብሎ መብራቱን ለመጠበቅ ወሰነ። ይስማው እስከዚያ ዓይኑን ካሴቶቹ ላይ ተክሎ "ጋሼ፣ እንዲያው ይህ ጥብጣብ የየኔታን ድምፅ እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው?" ሲል ጠየቀ።

ዓለምነው ይህንን ጥያቄ ስንት ዘመን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ራቁታቸውን የቀሩ ስፒከሮች አነሣና በረጅም ሽቦ አያያዛቸው። አንዱን ይስማው ጆሮ ላይ አስይዞ ሌላውን ይዞ ደጅ ወጣ፤ በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ አፉን ስፒከሩ ላይ ደቅኖ አዜመ። የሚያውቃትን፣ ከጾመ ድጓው መጀመሪያ ላይ የተማራትን ያህል።

ይስማው ዓይኑ ፈጥጦ ጠበቀው። "ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ! ባትሪውስ የታለ?"

"ባትሪው የእኔ ትንፋሽ ነው። ወረቀቱን አነቃነቅሁት፣ ወረቀቱ ሽቦውን ማግኔቱ ውስጥ አነቃነቀው፣ ከዚያ የተወለደው ኮረንቲ በሽቦው አንተ ዘንድ መጥቶ ያኛውን ወረቀት አነቃነቀ። ካሴቱም ይኸው ነው። ጥብጣቡ ላይ የተቀባው ዱቄት የብረት ዝገት ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ትንሽ ማግኔት ናት። የየኔታ ድምፅ እንደ ተነቃነቀው ልክ ተሰልፈው ቀርተዋል። ጥብጣቡ በቴፑ ጭንቅላት ፊት ሲያልፍ፣ ሰልፉ ሲለዋወጥ፣ ያው ድምፅ ይወለዳል።"

"ሌላ ማግኔት ቢጠጋውስ?"

"ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ያዞራቸዋል። ሰልፉ አንድ ወጥ ሆነ ማለት የሚለዋወጥ ነገር የለም። የሚለዋወጥ ከሌለ ደግሞ የሚወለድ የለም። የኔታ ሁለተኛ ዝም አሉ ማለት ነው።"

ይስማው አማተበ። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ስለነበረ በማግሥቱ ጠዋት ካሴቶቹን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

እንግዲህ ጉዱ የተሠራው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዓለምነው ጠረጴዛው ላይ ሥራ ይዞ ነበር። ድንገት ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን እየጎተቱ ማስገባት፣ በር መዝጋት ጀመሩ። እሱም ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ዓይኑ ነጠላው ላይ ወደቀ። ወደ ቤት ይዞት እንዳይሄድ ፍተሻ አለ፣ ሩጫ አለ፣ መውደቅ አለ። እዚሁ ይደር አለ። የት ይደር?

ደንቡን ያውቃል። የደንበኛ ካሴት ከስፒከር መደርደሪያው ርቆ በጠረጴዛው ጫፍ ይቀመጣል፤ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ እንዲያ ነው ያደረገው። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ምሳውን የበላበት ሳህን ነበር፣ የብየዳ ቅባት ነበር፣ ከአጠገቡም የተወለወለ አሮጌ ጫማው ነበር። ይህ ደግሞ የማንም የሠርግ ካሴት አይደለም። የሚካኤል ጾመ ድጓ ነው፤ የየኔታ ትንፋሽ ነው፤ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ሲታይ በማኅደሩ ያለ መጽሐፍ ይመስላል። እናቱ የጸሎት መጽሐፍ ከራስጌ እንጂ ከግርጌ አስቀምጣ አታውቅም። በቤተ ክርስቲያን ያደገ እጅ ቅዱስ ነገርን ከጫማና ከሳህን ጋር ማስቀመጥ አይችልም፤ አልታዘዝም ይላል። ስለዚህ ነጠላውን ተሳለመ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን የመደርደሪያ እርከን ዳበሰ። መዳፉ ጠፍጣፋ፣ ቀዝቃዛ ብረት አገኘ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣ ነጠላውን እላዩ ላይ አሳረፈና ወርዶ በሩን ቆልፎ ሮጠ።

ጠፍጣፋው ብረት የአንድ ትልቅ ሞንታርቦ ስፒከር ጀርባ ነበር። ወረቀቱ ተቀድዶ፣ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ፣ ማግኔቱን ሽቅብ ሰጥቶ ተራውን የሚጠብቅ። እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ዓለምነው ነው። ያውቅ ነበር። ለይስማው ትናንት የነገረውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ወንበሩ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ በዘረጋባት ደቂቃ ሰውየው ቴክኒሻን አልነበረም፤ የየኔታ ተማሪ ነበር። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይባላል። ይህ ግን ብሶ የብብቱን ቆጥ ላይ ሰቅሎ ጣለው።

ከዚያ ሱቁ ተዘጋ፤ መንገዱም፣ ስልኩም፣ መብራቱም። ሳምንታት አለፉ። ዓለምነው ቤቱ ተቀምጦ ሲጨነቅ አንድ የሚያጽናናው ነገር ነበረው። "ምንም ቢሆን ካሴቶቹ ከፍ ያለ ቦታ ናቸው" ይላት ነበር ሚስቱን። ዝናብ ቢያፈስ አይደርስባቸውም፣ አይጥ አይደርስባቸውም። ይህንን ባሰበ ቁጥር ደስ እያለው ይተኛ ነበር፤ ሞኝ።

የካቲት ላይ፣ ጾሙ ሊገባ ሲቃረብ፣ መንገዱ ተከፈተ፤ መብራትም መጣ። ዓለምነው ሱቁን ከፍቶ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል ወለወለ፣ ሽቦውን ገጣጠመ፣ ሁሉን አሰናድቶ ወንበር ላይ ወጣ። ነጠላውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ሲያነሣው፣ ጥቅሉ ጥቂት እንቢ አለ።

ጥቂት ነው። የካሴት ብሎን ምን ያህል ብረት አለው? ግን ከሥር የያዘው ነገር ነበር፤ ይዞ፣ ሳብ አድርጎ፣ ለቀቀ። ዓለምነው ወንበሩ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ማንም ምንም ሳይነግረው፣ ምንም ሳይሰማ፣ በእጁ አወቀ። መደርደሪያውን ይዞ ወረደ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እንዲያም ሆኖ አንድ በአንድ ከፈታቸው። የመጀመሪያው ካሴት ሽሽሽ አለ። ሁለተኛውም እንዲያው። ገለበጠ፣ ወደ ፊት አስኬደ፣ ወደ ኋላ መለሰ። ከታች የነበሩት ጭራሽ ባዶ ሆነዋል። ከላይ በነበረችው በአንዷ ካሴት ላይ ግን ድምፅ ነበረ፤ ያም ከዝምታው የባሰ ሆነ። ጥብጣቡ በተጠቀለለበት ዙር ልክ ከማግኔቱ የራቀው ወገን ድኖ፣ የቀረበው ጠፍቶ፣ የኔታ ብቅ ይሉና አንዲት ፊደል ይዘው ይሰጥማሉ። እንደገና ብቅ ይላሉ፣ እንደገና ይሰጥማሉ። ሰው ወንዝ ሲወስደው ማየት ነው። ዓለምነው እጁን ለመስጠት እንደሚፈልግ ሁሉ የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥግ አዞረው። የጨመረው ሽሽታው ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ማንጠግቦሽ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ደረቷን ደቃች። ቀጥላ ግን የባሏን ፊት አየችና እንደ ሚስት ማሰብ ጀመረች።

"ስማ፣ መንገድ ላይ ተወሰደብኝ በል።"

"ማን ወሰደው ልበል?"

"ማን ይጠይቅሃል? በዚህ ጊዜ ስንቱ የስንቱ ተወስዶ የለም እንዴ! 'ፍተሻ ላይ ወሰዱብኝ' ስትል አይዞህ ይሉሃል እንጂ ለምን አይሉህም።"

"ለየኔታ ልዋሽ?"

"እውነቱ ምን ይሠራላቸዋል? ካሴቱን ይመልሰዋል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጅ ብለው ያመኑህን ሰው ባይጠሉህ ይሻላል፤ ለአንተ ሳይሆን ለእሳቸው።"

ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ውሸቱን አምኖ ተነሣ። ባዶዎቹን ካሴቶች ነጠላቸው ውስጥ መልሶ ያዘ፤ ለምን እንደ ያዛቸው እሱም አያውቅም። ምናልባት መንገድ ላይ ሊጥላቸው ይሆናል።

ሉማሜ ላይ መኪናው ለፍተሻ ቆመ። ሁሉም ወረደ። ከፈታሾቹ አንዱ፣ ገና ወጣት፣ የዓለምነውን ቦርሳ ከፍቶ ነጠላውን ፈታው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ካሴት ነው ልጄ።"

"ምን አለበት?"

ዓለምነው በዚያች ሰዓት የጸለየው ጸሎት ማንም ተሳፋሪ ጸልዮት የሚያውቅ አይመስለኝም። ውሰደው፣ ውሰድብኝ፣ በሚካኤል ይሁንብህ ንጠቀኝ፤ ውሸቴን እውነት አድርግልኝ። ልጁ አንዱን ካሴት ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ዕድሜው ካሴት የሚያውቅ አልነበረም።

"የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነበር" አለ ዓለምነው በመጨረሻ።

ልጁ ደንግጦ ነጠላውን ሳመና መልሶ በጥንቃቄ ጠቀለለው። "ይቅርታ አባቴ። ይለፉ" አለና ቦርሳውን ራሱ አሸከመው። ዓለምነው መኪናው ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንደዚያ ቀን አክብሮት ከብዶት አያውቅም።

ሾላ ሚካኤል ሲደርስ ጾሙ ገብቶ ነበር። የየኔታ ልጅ ማርያማዊት ከሩቅ አይታው እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ሕመሙ አባቷን ካስተኛቸው ቀን ጀምሮ ባሏንም ቤቷንም ትታ የምታስታምማቸው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ ደረስህልን! ተማሪዎቹ ካለ ካሴት አንጀምርም ብለው ተቀምጠው ነው። አባዬ በየቀኑ በሩን ነው የሚያየው።"

የኔታ መደቡ ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ዓለምነው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም በግራ እጃቸው ራሱን ዳሰሱት። ይስማው አዲስ ባትሪ የገባበትን ቴፕ መሬት ላይ አሰናድቶ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ባልንጀሮቹ ከኋላው ተቀምጠዋል። ሁሉም የሚያዩት ቦርሳውን ነው። "ተወሰደብኝ" የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ነጠላው ግን ከቦርሳው አፍ ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ይስማው ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለው፣ ተሳለመው፣ የመጀመሪያውን ካሴት አስገብቶ ተጫነው።

ሽሽሽ አለ።

ይስማው ድምፁን ጨመረ። ቆይቶ ቴፑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ባትሪው ይሆን?"

"ባትሪው አዲስ ነው፤ አንተው አይደለህ ያመጣኸው?" አለች ማርያማዊት።

"እንግዲያስ ቴፑ ነው። ጋሼ እዚህ እያሉ ምን ችግር አለ፣ ይጠግኑታል" አለና ይስማው ፈገግ ብሎ ወደ ዓለምነው ዞረ።

ሁለተኛ ውሸት ራሱ በእግሩ መጥቶ በር አንኳኳለት። አዎን፣ ቴፑ ነው ቢል ይበቃ ነበር። ዓለምነው የኔታን አየ። የኔታ ቴፑን አይደለም የሚያዩት፤ እሱን ነው።

"ቴፑ ደህና ነው" አለ። "ባትሪውም ደህና ነው። የኔታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማግኔት ላይ አስቀመጥሁት። ሁሉም ጠፍቷል።"

ይስማው ለጊዜው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። "እርስዎ? ከአውቶቡሱ ስፒከር አርቅ ያሉኝ እርስዎ?"

"ከፍ ላደርገው ብዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጫማ ነበር፣ ሳህን ነበር። ከፍ ላድርገው ብዬ እንጂ…"

ማርያማዊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ ደጅ ላይ ሲያለቅስ ይሰማል። ዓለምነው መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የሚመጣውን ጠበቀ። የኔታ እንዲረግሙት ፈለገ። ድምፅ እንደሌላቸው ረስቶ እርግማናቸውን ጠበቀ።

ቀና ሲል የኔታ በግራ እጃቸው ጣት ወደ ቴፑ ያመለክታሉ።

"ይከፈት ነው የሚለው" አለች ማርያማዊት።

"የኔታ፣ ምንም የለበትም እኮ። ባዶ ነው።"

ጣቱ አልወረደም። ዓለምነው ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰና ተጫነው። ሽሽታው ጎጆውን ሞላው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ ግራ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ወጥታ ተነሣች። ዝቅ አለች፣ ከፍ አለች፣ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች፣ ተሰበረች፣ ቀስ ብላ ተንከባለለች። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዜማው ጀምሯል። ውስጣቸው ይሄዳል፤ ሙሉውን፣ አንድም ሳይጎድል። ከቤቱ ውስጥ የሚሰማው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይስማው እንባውን ጠርጎ መጽሐፉን አነሣ። ዓይኑን እጃቸው ላይ ተክሎ፣ እጅ ከፍ ሲል ድምፁን ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያደረገ ሊከተላቸው ሞከረ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይደለም። እጃቸው መለሰችው፣ እንደገና አሳየችው። ይስማው ሌላ አጣጣል ሞከረ። አይደለም። ሌላ ሞከረ። አይደለም፣ አይደለም። ስንት ከፍታ እንደሆነ እጅ አይናገርም፤ ወዴት እንደሚሰበር ያሳያል እንጂ በምን ድምፅ እንደሚሰበር አያሳይም። ይስማው ድምፁ ሰልሎ ዝም አለ። የኔታ ግን አላቆሙም። ማንም ሳይከተላቸው እጃቸው እየወጣች እየወረደች እስከ ጥብጣቡ መጨረሻ ሄዱ።

ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው ዓለምነውን አዩት። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለው ነበር። እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን ገለበጡ።

"ሌላኛው ገጽ ነው የሚልህ" አለች ማርያማዊት ቀስ ብላ።

ዓለምነው ካሴቱን አውጥቶ ገለበጠው፣ መልሶ አስገባውና ተጫነው።